ከመብረቅ ያዳንሁ መስሎኝ የነቀልኋት ገመድ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ሰኔ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ ውስጥ ነው። እስካሁን ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር እጄ ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ለተግባር ልምምድ የተላክሁት ለገበሬዎች የገብስ ዘር ወደሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። አለቃዬ ጋሽ መኮንን ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በየውስጣቸው የገበሬዎቹን መዝገብ የሚይዝ ቨርቹዋል ሰርቨር፣ ማለት በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር፣ አዘጋጅተዋል። አንደኛው ማሽን ቢሞት ሁለተኛው አድራሻውን ወርሶ ሥራውን ይቀጥላል። መዝጋቢዎቹ መለወጡን እንኳ አያውቁም። በሁለቱ መካከል አንዲት ቀጭን ገመድ ነበረች። ጥቅሟን አልጠየቅሁም።

በዕደላው ቀን ጋሽ መኮንን ለስብሰባ ሲወጡ “ማሽኖቹን አደራ” አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ አጉረመረመ። በትውልድ ወረዳዬ በደሃና፣ እኛ ቤት ነጎድጓድ ሲመጣ አባቴ ከሁሉ አስቀድሞ የሬዲዮኑን አንቴና ሽቦ ይነቅላል። እኔም ሥራ እንዳይቋረጥ ኤሌክትሪኩን ትቼ ያቺን ቀጭን ገመድ ነቀልኋት። ምንም አልጠፋም። ጋሽ መኮንን ሲመለሱ እንደሚያመሰግኑኝ እያሰብሁ ተቀመጥሁ።

ከሰዓት በኋላ ከግቢው ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ወይዘሮ ዝማም የሚባሉ እናት አንደኛው ክፍል ተመዝግበው፣ ዘር ወደሚታደልበት ሁለተኛው ክፍል ሲሄዱ ስማቸው ጠፍቷል።

“እማማ፣ ስምዎ የለም። ኮምፒውተር አይዋሽም” አለች መዝጋቢዋ።

“እንግዲያ ዋሾዋ እኔ ነኝ? ከደሃና ድረስ ልዋሽ በእግሬ መጣሁ? ማሳዬ ታርሶ ባዶውን ነው፤ ዝናቡ እኔን አይጠብቅ!”

“እስቲ ኮምፒውተሩን በታቦት አስምሉት!” አለ ከኋላቸው የተሰለፈ ገበሬ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ያለቅሱ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማሽኖቹ በዚያች ገመድ ነበር በሕይወት መኖራቸውን የሚነጋገሩት፣ መዝገባቸውንም አንድ የሚያደርጉት። ስነቅላት ሁለተኛው የመጀመሪያው የሞተ መስሎት ያንኑ አድራሻ ያዘ። አንዱ ክፍል በአንዱ ማሽን ይጽፋል፤ ሌላው ክፍል ከሌላው ያነብባል።

ሮጬ ገባሁና ገመዷን አነሣሁ። መልሼ ብሰካት ማን ያውቃል? ጫፏን ቀዳዳው ላይ አድርሻት ነበር። የወይዘሮ ዝማም ድምፅ በመስኮት ይገባል። “ሌባ አትበሉኝ” ይላሉ። ገመዷን አስቀምጬ በዝናብ ወደ ስብሰባው ሮጥሁ።

ስነግራቸው ጋሽ መኮንን ፊታቸው ተለወጠ።

“መልሰህ ሰካሃት?”

“አልሰካኋትም።”

“እውነቱን ንገረኝ!”

“በእናቴ፣ አልሰካኋትም።”

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። “ብትሰካት ኖሮ አንደኛው ማሽን የሌላውን አዲስ መዝገብ ደምስሶ የራሱን ብቻ ይገለብጥበት ነበር። የእነዚያ ሰዎች ስም አይገኝም ነበር።”

እስኪመሽ ድረስ ስሞቹን ከአንዱ ወደ ሌላው በእጃችን ገለበጥን። ወይዘሮ ዝማም ዘራቸውን ተሸክመው ሲወጡ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣ ስሜን መግደሉንም ማስነሣቱንም ቻልህበት” አሉኝ።

ሰዎች ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ሌሊት ብቻዬን ስሆን ግን የሚታየኝ መብረቁ አይደለም፤ ገመዷን ይዞ ቀዳዳው ላይ የቆመው እጄ ነው።