መንዳት ያስተማሩኝ ሰው

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። አባ ጾሜን እንጂ መንጃ ፈቃዴን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምናገር የዋህ አይደለሁም። ዛሬ መናገሬ ከጨዋነት እንዳይመስልህ። ጨዋ ብሆን ኖሮ የምናዘዘው ነገር ባልኖረኝ ነበር።

ያኔ ቢቸና ውስጥ የአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ማህተም፣ አንድ ፒካፕና አንድ ሹፌር ነበረኝ። ሹፌሩ ጋሽ አንለይ ይባላሉ። አንቱ የምላቸው ዛሬ ነው፤ ያኔ አባቴን የሚያህሉትን ሰው "አንለይ!" እያልኩ ነበር የምጠራቸው።

መንዳት እንዲያስተምሩኝ አዘዝኳቸው። ገበያ በማይቆምበት ቀን ባዶው የከብት ገበያ ሜዳ ላይ ጀመርን። ፍሪሲዮኑን ቶሎ እየለቀቅሁ ሞተሩን አሥር ጊዜ ሳጠፋው፣ "አይዞዎት፣ ግራ እግርዎን ቀስ አድርገው ያንሱ" ይሉኛል። አንድ ቀን የድንጋይ ካብ ልገጭ ስል የእጅ ፍሬኑን ሳቡልኝ። ዳር የቆሙ የባጃጅ ሹፌሮች አይተው ሳቁ። እኔ ያዳነኝን እጅ ማመስገን ሲገባኝ ምን አልኩ? "ሁለተኛ ሳላዝህ ይህን ብትነካ አልለቅህም!" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከጎኔ ሲቀመጡ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው። እኛ አገር አለቃ ገደል ሲገባም "ይቅደሙ" ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ ሜዳው አነሰኝ። ኃላፊ እንዴት እንደ ሕፃን ሜዳ ላይ ይዞራል? ገና ማርሽ በቅጡ ሳልለይ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳገት ወጣሁ። መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ፍሬን መርገጥ ሲገባኝ ፍሪሲዮን ረገጥኩ።

"ኃላፊ፣ ልሳበው?" አሉ ጋሽ አንለይ። ፈቃድ ጠየቁኝ! እኔ ደግሞ፣ እኔ ደደቡ፣ "ተው፣ ራሴ እይዘዋለሁ!" አልኩ።

ከኋላችን አንድ ገበሬ በሬውን እየነዳ ይመጣ ነበር። ሰውየው ዘለለ፤ በሬው ግን አላመለጠም፣ እግሩ ተሰበረ። ገበሬው በሬው ላይ ተደፍቶ ሲጮህ እኔ ምን ሳደርግ ነበር? መኪናው ውስጥ ከጋሽ አንለይ ጋር ቦታ ስቀያየር ነበር። "እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ አንተ አለህ፤ ለአንተ ቀላል ነው" አልኳቸው። አንድ ጊዜ አዩኝና መሪው ላይ ተቀመጡ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሽ አንለይ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብለው ከሁለት በሬያቸው አንዱን ለገበሬው ሰጡ። እኔ፣ በሬውን የሰበርኩት እኔ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጬ "ወደፊት ተጠንቀቅ" ብዬ መከርኳቸው። ከበላይ አካል "ማን ነው የነዳው?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ "በቸልተኝነት በማሽከርከሩ ተሰናብቷል" የሚል ደብዳቤ ፈርሜ ማህተም መታሁበት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። እዚህ ግን መቺውም አይጡ ራሱ ነው።

ዘንድሮ የራሴን መኪና እየነዳሁ ሞጣ ገባሁና ጎማ ተነፈሰብኝ። መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚጠግኑት ጋሽ አንለይ ሆነው አገኘኋቸው። ቀድመው ሰላም ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ልጆቼን ጠየቁኝ፤ እኔ የእሳቸውን አልጠየቅሁም።

"አንድ ነገር ላስቸግርዎ" አሉኝ ጎማውን እየፈቱ። "ያ ደብዳቤ እያለ መኪና አምኖ የሚሰጠኝ አጣሁ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም ብለው ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ? ማን እንደነዳው መጥቀስ አያስፈልግም።"

"እናያለን" አልኳቸው። "እናያለን" ማለት አናይም ማለት እንደሆነ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢሮ ሠርተዋል። "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ጎማዬን አጥብቀው ሸኙኝ።

ወጣት ነበርኩ አልልህም፤ ሞጣ ላይ ወጣት አልነበርኩም። ፈርቼ ነው አልልህም፤ ማንን ፈርቼ? ማህተሙ ዛሬም ከእኔ ዘንድ ነው። ይቅር አትበለኝ። ለአንተ፣ ለማላውቅህ ሰው፣ ይህን ሁሉ ስጽፍ እጄን አልከበደኝም። እሳቸው የለመኑኝ ሁለት መስመር ነበር፤ እስከ ዛሬ አልጻፍኩላቸውም።