ዳኜ ያላነሳት ፊት

ዳኜ በራቤል ከተማ መናፈሻ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ አንስቷል። መስከረም ሲጠባ ከበሩ በስተግራ ያለው አደይ አበባ ይፈነዳል፤ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ልጅ ክርስትና ያስነሳው ሁሉ እዚያ ቆሞ ነው የሚነሳው። ሰዉን የምታቆመው ሚስቱ ይመኙሻል ነበረች። መስታወትና ማበጠሪያ ይዛ የአንዱን ኮሌታ ታቃናለች፣ የሌላዋን ነጠላ ታስተካክላለች፣ አበባውን የረገጠውን ትቆጣለች። ከአበባ ሁሉ አደይ ትወድ ነበር፤ ሲረግፍ ኩርፊያ ይዟት ትሰነብታለች።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ ትጠይቀዋለች።

«ዘንድሮስ እኔን ከአደዩ ጋር ታነሳኛለህ?»

«ሰዉ ይቅለልልኝ እንጂ፤ አንቺ የት ትሄጃለሽ?»

ሰዉ ሲቀል ፊልሙ አልቋል፣ ወይ ዘንቧል፣ ወይ እሱ ደክሞታል። በኋላ ዲጂታል ካሜራ ገዛ። ፊልም አለቀ የሚባል ነገር ቀረ፤ መልሱ ግን ያው ነበር።

አምና ነሐሴ አሥር ቀን ይመኙሻል በሳንባ ምች ሞተች። የተኛችው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ለአርባዋ ፎቶ ተፈለገ። ዳኜ የድሮ ነጋቲቮቹን ወደ መስኮት ብርሃን እየዘረጋ፣ ኮምፒውተሩን እየበረበረ አራት ቀን ፈለጋት። የራቤል ሰው ሁሉ አለ። እሷ ግን በአንዱ ላይ ክንዷ፣ በሌላው ላይ ጎንበስ ያለ ጀርባዋ። ፊቷ የለም። በመጨረሻ ታላቅ እህቷ ሰብሊ የቀበሌ መታወቂያዋን ሌላ ፎቶ ቤት ወስዳ፣ ትልቅ አድርጋ አሳጥባ መጣች። ማኅተሙ ግማሽ አገጯን ሸፍኖታል።

«የሰውን ሚስት ሁሉ ስታነሳ ኖረህ» አለችው እድርተኛው እየሰማ፣ «እህቴን በማኅተም ታስለቅሰናለህ?»



በማግስቱ ማለዳ ዳኜ ካሜራውን ይዞ መናፈሻ ሄደ። አደዩ ጤዛ አዝሎ ቆሟል፤ ከፊቱ ማንም የለም። የመጀመሪያው ፎቶ ደበዘዘበት። ደግሞ አነሳ። ያማረውን መርጦ አሳጠበና ለሰብሊ ወሰደላት።

«የምትወደው ይህን ነበር» አላት።

ሰብሊ አገላብጣ አየችው። «አበባማ በየሜዳው ሞልቷል» ብላ እጁ ላይ መለሰችለት።

ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም። ዳኜም በጥቅምት ካሜራውን ሸጦ አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። የድሮ ደንበኞቹ ምነው ተውከው ሲሉት «ዓይኔ ደከመ» ይላቸዋል። ዓይኑ ግን ደህና ነው።