ድምፅ የማይገባበት ክፍል

ሥራዬ የሰው ቤት ማሳመር ነው። ደንበኞቼ አብዝተው የሚጠይቁኝ ጸጥታ ነው። የራሴ ቤት ግን አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ላሜራ ሲቀጠቀጥ፣ ፌርማታው ላይ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ይውላል። እኔስ ለምጄዋለሁ።

አባቴ ሲሞት እናቴን ወደ እኔ አመጣኋት። ቀብሩ ላይ ዘመረች እንጂ አላለቀሰችም፤ የቸርቿ ሰዎች «ጠንካራ እናት» እያሉ አመሰገኗት። እኔ ቤት ከገባች በኋላ ግን እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ድሮ ቤት እያናጋች የምትጸልይ ሴትዮ፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤት ቤት አራስ አለች ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታንሾካሹካለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ሆድ ይፍጀው» ትለኛለች።

ጥፋቱን ለጋራዦቹ ሰጠሁ። ባለሙያ ነኝ አይደል? ዕቃ ቤቱን አራግፌ ለመስኮቱ ድርብ መስታወት አስገባሁለት። ግድግዳውን ስፖንጅና ወፍራም ጨርቅ አለበስኩት፤ በሩን ዙሪያውን በጎማ አስያዝኩት። ጨርቁ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ መብራቱ ለስላሳ፣ ጥጉ ላይ አበባ። በሩን ስዘጋው የጋራዦቹ መዶሻ ድምፅ ጠፋ። በሥራዬ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ ስትገባ አበባውን ዞር ብላም አላየችው። ግድግዳውን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችና፣

«ከዚህ ወደ ውጭስ ይሰማል?» አለች።

«እማዬ፣ የሠራሁት እኮ የውጭው እንዳይገባ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ውጪና አዳምጪ።»

ወጥቼ ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ በሩን ከፈተችው።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ስምሽን ስጠራ ነበር፤ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።»

ፈገግ አለች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ፈገግታዋን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩን መልሳ ዘጋችው።

ምሳ አቀራርቤ ብጠብቃት አልወጣችም። ፈራሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍ ምንም የለም፤ እጄን ሳሳርፍበት ግን ሳንቃው ይንቀጠቀጣል። ልከፍተው አልኩና ተውኩት።

ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። እጇን ታጥባ ምሳው ፊት ተቀመጠች።

«አባትሽን ዛሬ አለቀስኩት» አለችኝ። «በይ፣ ወጥ ጨምሪልኝ፤ ርቦኛል።»