ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ያሉ ዕለት

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ አካባቢ ልሳነወርቅን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ለሠርግም ለለቅሶም ቫኑን ይዞ ከች የሚል፣ ሃምሳ ዓመት አልፎትም ይሉኝታ ያልለቀቀው ሰው ነው። ሥራውን ሲሰሙ ግን ሰዎች ይስቃሉ። ሌላው ታክሲ ይነዳል፣ እሱ የቀይ ሕንዶች ሾፌር ነው። እኛ ነን እንዲህ የምንላቸው፤ እነሱ ራሳቸውን ፒስካታዌይ ነው የሚሉት፤ አገሩም ከመጀመሪያው የእነሱ ነበር።

አሠሪው ሚስ ዶሪስ ስድሳውን ያለፉ የፒስካታዌይ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልሳነወርቅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ እንግዶች ጭኖ ወደ ደቡብ ሜሪላንድ ይወስድላቸዋል። እሳቸው በታንኳ እየቀዘፉ ወንዙን ያሳያሉ፤ ዓሣውንም ወፉንም በየስሙ ይጠራሉ። መጨረሻ ላይ እናታቸውና አያቶቻቸው የተቀበሩበት ጉብታ ላይ ይወጣል። ሚስ ዶሪስ እንደ ወጋቸው ለሙታኑ ትምባሆ ቆንጠር አድርገው መሬቱ ላይ ያኖራሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ታዲያ ጉብታው የእሳቸው አይደለም፤ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ! ባለቤቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአሥራ ሁለት እንግዳ ሳይበልጥ እንዲገቡ በደብዳቤ ፈቅዶላቸዋል። የገዛ እናትን መቃብር በፈቃድ ማየት!

በፈረንጆቹ 1996 ሰኔ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ጋበዘ። የመዘገበው አሥራ ሁለት ነበር። የኛ ሰው ደግሞ ይታወቃል፤ አንዱ አማቱን፣ አንዷ ትናንት ከአዲስ አበባ የገባች እህቷን አስከትለው መጡና አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ማን ነው አሁን ተመለስ የሚባለው? አማትየው? ልሳነወርቅ ሁለተኛ መኪና ፈልጎ ሁሉንም ወሰደ። ሚስ ዶሪስ ሲያዩዋቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን የመጣ እንግዳ መመለስ እሳቸውም አልሆነላቸውም። ለካ የመሬቱ ባለቤት እዚያው ቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ሲቆጥር ኖሯል። ሰኞ ደብዳቤ መጣ፤ በሩ እስከ መስከረም ተዘግቷል፣ ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ ይላል።

ሚስ ዶሪስ አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «ዝም ብለን እንጠብቅ። ዝም ካልን ይከፍትልናል» አሉት፤ በቃ ይኸው ነው።

ዝም ማለትን ከየት ያምጣው? የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ልሳነወርቅ ሌላ መንገድ አያውቅም። በሁለተኛው እሑድ፣ ለሚስ ዶሪስ ሳይነግር፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጭኖ የመሬቱ ባለቤት ቤት ሄደ። ተናጋሪው አቶ ደምሴ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ፍርድ ቤት የሠሩ፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ እንግሊዝኛቸውም የማያሳፍር። «አይዞህ ልጄ፣ አንተ መኪናህ ውስጥ ቆይ። በዳይ ፊት ለፊት አይቀርብም» አሉትና ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን አንኳኩ።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ክፉ አልነበረም። ወጥቶ በረንዳው ላይ ወንበር አሳያቸው። ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

«የመጣነው በሚስ ዶሪስ ጉዳይ ነው። እሺ እስኪሉን አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሴ።

ሰውየው ወንበሩን እንደገና አሳየ። አልተቀመጡም። እንግዲያው ሂዱልኝ አለ። እሺ ሳይሉንማ አንሄድም አሉት፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በፍጹም ትሕትና። የሰውየው ፊት ቀላ። ልሳነወርቅ በተከፈተው መስኮት እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ወርዶ ኑ እንሂድ ቢል ሽምግልናውን ማፍረሱ ነው። ቁጭ ቢልም እያየ ነገሩ ሊበላሽ ነው። መሪውን ጨብጦ ቀረ። ሰውየው ገብቶ ስልክ ሲያነሣ አቶ ደምሴ ሌሎቹን ዞር ብለው አዩና «ሚስቱን ሊያማክር ነው» አሉ ደስ ብሏቸው።

የመጣው ፖሊስ ነበር። ደግነቱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ክንዳቸውን ደግፎ ቫኑ ውስጥ አስገባቸው።

ሐሙስ ዕለት ሚስ ዶሪስ ኮል አደረጉለት። ከባለቤቱ የመጣው አዲስ ደብዳቤ ቤቴ ድረስ ሰው ልከውብኛል ይላል፤ ከእንግዲህ እንግዶቻቸውም ሆኑ እሳቸው ራሳቸው በዚያ በር እንዳይገቡ። ልሳነወርቅ እየበረረ ሄደ፤ ታንኳ ሲያጥቡ አገኛቸው። ሁሉንም ነገራቸው፤ የሽምግልናውን ወግ፣ ያልተቀመጡበትን ምክንያት፣ ፖሊሱን። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው አቀኑት።

«እዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ሲቆም ጉብታው ይታያል አይደል?» አሉት።

«ይታያል።»

«እናቴ በወንዙ በኩል ናት። ሣሩን አጭደውታል?»

ልሳነወርቅ አላየም። ያን ሁሉ ሰዓት ዓይኑ ከሰውየው በር አልተነቀለም ነበር። ታጭዷል ቢላቸው ትንሽ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ለመዋሸት እንኳ አቅም አጣ።

«አላየሁም እማማ» አለ፣ ሳያውቀው በአማርኛ።

ቋንቋውን ባያውቁትም ገባቸው። ባልዲውን አንሥተው ወደሚቀጥለው ታንኳ ሄዱ።