ለምራታቸው የመሰከሩት አባት

የጥብቅና ሥራ የጀመርሁት ጎንደር ፒያሳ፣ ከጋሽ አስራት ቢሮ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጋሽ አስራት ከደንበኞች ፊት ለፊት አስቀመጡኝና፣ «መጀመሪያ አዳምጪ። አንቀጹን ኋላ ትፈልጊዋለሽ» አሉኝ።

ቀድማ የገባችው እናና የምትባል የዳባት ሴት ነበረች። እሷና ባሏ አንዲት ሴት ልጅ አላቸው።

«ሽማግሌዎች አፋተውናል» አለችኝ። «ልብስሽን ይዘሽ ውጪ ተባልሁ፤ ወጣሁ። እንግዲህ ቤቱ ቀረብኝ ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሴቶች ሰምቼዋለሁ። መልሱ ያው ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ከቤት የወጣ ሰው ድርሻውን አያጣም። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ወገን ማስረዳት አለበት።

አቤቱታውን እኔ አረቀቅሁ፤ ጋሽ አስራት አረሙት። ባሏ ሞላ በመልሱ ፍቺውን ተቀበለ። ቤቱን ግን «ሳላገባ አባቴ ሠርቶ የሰጠኝ ነው» አለ።

«ምስክር ማን አለሽ?» አልኋት።

«አማቴን ጥሩልኝ።»

«የሞላን አባት?»

«አዎ፣ አያ ደሴን። እሳቸው አይዋሹም።»

ሽማግሌው የሚጦሩት በሞላ እጅ ነው። ለጋሽ አስራት ይህንኑ ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ጠየቁኝ።

«ሞላ አባቱን ምስክር አድርጎ ቆጥሯል?»

«አልቆጠረም።»

«ምነው ሳይቆጥራቸው ቀረ? ጥሪያቸው» አሉ።

በቀጠሮው ቀን ዳባት ሄድን። አያ ደሴ ወፍራም ካፖርት ለብሰው መጡ፤ በትራቸውን በር ላይ ለፖሊሱ ሰጥተው ገቡና ማሉ። ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል።

«አባት፣ ቤቱን ማን ሠራው?» አለቻቸው ዳኛዋ።

«መሬቱን የሰጠሁ እኔ ነኝ። ባዶ ነበር። ቤቱን ከተጋቡ ወዲያ ሁለቱ ሠሩት። ውኃውን በጀርባዋ ስታመላልስ፣ ጭቃውን ስትረግጥ አይቻለሁ። እርጉዝ ነበረች፤ ተይ ብላት እምቢ አለችኝ።»

የሞላ ጠበቃ ተነሣ። «ልጅዎ አይደለም እንዴ የሚጦርዎት?»

«ነው። ሸጋ አድርጎ ይጦረኛል፤ እወደዋለሁ። ታዲያ እሱን ብዬ የሷን ልፋት ልካድ?»

ሞላ ቀና ብሎ አላየም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ እንደ አያ ደሴ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ስንወጣ እናና ግቢው ውስጥ ተጠጋቻቸው። «አያ፣ ዛሬ ወዴት ይገባሉ? ከእኔ ጋ ይሂዱ።»

«የለም ልጄ። እሱም ልጄ ነው፤ እንደተከፋ ብቻውን አይግባ» አሏትና በትራቸውን ተቀብለው ከሞላ ኋላ ሄዱ። ሞላ ጥቂት ከራቀ በኋላ ቆሞ ጠበቃቸው።

ፍርድ ቤቱ ቤቱ የጋራ ነው ብሎ ወሰነ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ አባቷም ቀለብ እንዲሰጥ ተባለ። ክፍሎቹን በስምምነት ተካፈሉ።

ከጊዜ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ዳባት ደርሼ እናናን ልጠይቃት ሄድሁ። አያ ደሴን ከልጅ ልጃቸው ጋር ምሳ ሲበሉ አገኘኋቸው። የሚያድሩት ሞላ ዘንድ ነው፤ ምሳቸው ግን እናና ቤት ሆኗል። ሞላና እናናም እንደ ጎረቤት ሰላም ይባባላሉ።

ለወጣት ጠበቆች የምለው ይኸን ነው። በንብረት ክርክር ምስክር ስትቆጥሩ የደንበኛችሁን ዘመድ ብቻ አትፈልጉ። ቤቱ ሲሠራ እዚያ የነበረውን ሰው ጥሩ፤ የማንም ወገን ይሁን።