በእኔ ሜትር ያጠረችው ልጄ

ደባርቅ ውስጥ እንደ እኔ ኮት የሚቆርጥ ሰው የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከዛሪማ ድረስ የሠርግ ሱፋቸውን ይዘው የሚመጡት ይመስክሩ። ያስተማረኝም የለም። በወጣትነቴ ከገበያ አንድ ሰልባጅ ኮት ገዝቼ ስፌቱን በሙሉ ፈታሁት፤ መልሼ ስገጣጥመው ሙያው እጄ ገባ። ንባብም ቢሆን የተማርኩት በራሴ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ነገሩ ለራሱም አይገባውም። ለእኔም እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም።

ልጄ ጎንደር ምህንድስና ጨርሳ እንደመጣች አንድ ቀን ሱቄ ገብታ ስልኳን አሳየችኝ። የአውሮፕላን አብራሪ ሠልጣኞች ይፈለጋሉ፤ ቁመት ቢያንስ አንድ ሜትር ከሰባ ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ምኞት አልነበራትም። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና ጫማዋን አስወልቄ ግድግዳ አስደገፍኳት። አንድ ከስልሳ ስምንት ሆነች።

«አባዬ፣ እስቲ ድገመኝ።»

ሦስት ጊዜ ለካኋት። «ሁለት ሴንቲ ጎደለሽ። የእኔ ሜትር ዋሽቶ አያውቅም» አልኳት። አመነችኝ፤ ማን የማያምነኝ አለ? ሳትመዘገብ ቀረችና ዳባት ሄዳ ፊዚክስ ማስተማር ጀመረች።

በዓመቱ ጤና ጣቢያ ለምርመራ ስትሄድ ቁመቷን ለኳት። በሚኒባስ ስትበር መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆመች።

«አንድ ሰባ ከግማሽ ነኝ!»

«ጫማ አድርገሽ ነዋ።»

«በባዶ እግሬ!»

እናቷ «ልጄ አደገች!» ብላ እልል አለች። በሃያ አራት ዓመቷ! ነገሩ ግን ተመቸኝ። ሱቄ ለሚቀመጡት ሁሉ «አደገች እኮ» እያልኩ አወራሁ። አዲስ ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዘገበች፣ አለፈችም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ አናጢው የብረት ሜትሩን ከእኔ የጨርቅ ሜትር ጎን ዘረጋው።

«ጋሼ፣ ይኼ ተለጥጧል እኮ። የእርስዎ መቶ በእኔ መቶ አንድ ተኩል ነው።»

«ታዲያ የሰፋሁት ልብስ ሁሉ እንዴት ልክ መጣ?»

«ሰውየውንም ጨርቁንም የሚለኩት በእሱው ነዋ! ስሕተቱ ከማን ጋር ይጣላ?»

ሦስት ቀን አሰብኩት፤ ልጄ ለካ ያኔም አንድ ሰባ ከግማሽ ነበረች። አናጢውንም ለማንም እንዳይናገር በማርያም አስማልኩት።

ልጄ የሠለጠነችው በቀላሉ አይደለም። አንዱን የበረራ ፈተና ወድቃ ደግማለች። እናቷ ስትሞት ፈተና ላይ ስለነበረች የደረሰችው ለአርባዋ ነው። አሁን ረዳት አብራሪ ናት። ያለፈው ጥምቀት መጥታ ምሳ እየበላን፣ ዋና አብራሪ የምትሆነው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«በተራ ነው፣ አባዬ። ቀድሞ የገባ ይቀድማል። ያኔ ባለፈኝ ማስታወቂያ የገቡት ዘንድሮ ዋና ሆነዋል።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስኩት። የሜትሩን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እንደምትስቅ ነበር የገመትኩት።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ያኔውኑ። ልትሄጂ ስትይ።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት?»

ስለ ሜትሩ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ዝምታዬ ያዘጋጀሁት አልነበረም።

«ሜትሩስ ይሁን» አለች። «በእኛ ሥራ የተሳሳተ ተናግሮ ይቀጥላል። የደበቀን ግን ማንም አያምነውም። አደገች ያልካቸውን ሰዎች ሁሉ ንገራቸው።» በማግሥቱ ሄደች።

ቅዳሜ ገበያ ዋለና ሰዎቹ ሱቄ ሲሰበሰቡ ነገርኳቸው። አንዱ የድሮ ደንበኛዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ ኮቱን ግራና ቀኝ ዘረጋ።

«ይኼ በተሳሳተ ሜትር የተሰፋ ይመስላል? ልጅቱ አድጋ ነው! አንቱ ደግሞ ራስዎን አይውቀሱ።»

ሁሉም ሳቁ። ሜትር ስለ መለጠጥ ደግሜ ባስረዳቸው ጭራሽ ያረጀሁ መሰላቸው። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ።

እሁድ ትደውላለች። ነገርኳቸው ብላት እውነት ነው። አላመኑኝም ብላትም እውነት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይቅር እንደሚያስብለኝ አላውቅም።