በወተት ቆርቆሮ የነበሩት ሳንቲሞች

ራውዳ ሰፈር ባለው ቤታችን የመታጠቢያ ክፍሉ ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ማፍሰሱን ያወቅነው ውሃውን አይተን ሳይሆን ሸትቶን ነው። ጊዜው ከኮሮናው በፊት የነበረው የብርድ ወቅት ነው፤ ሳይጨመቅ የተሰጣ ልብስ እንኳ ወዲያው በሚደርቅበት በሪያድ ከተማ፣ ከዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችን የሻገተ ካርቶንና የዛገ ብረት ሽታ ይወጣ ጀመር። ባለቤቴ ዕቃውን ሲያነሳሳ ከሥር የነበረው ትልቁ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቂጡ በስብሶ ኖሮ ክዳኑና ጎኑ ብቻ እጁ ላይ ቀሩ፣ ሳንቲሞቹ እርጥቡ ወለል ላይ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹማ መበተኑንም አልቻሉ፣ በአረንጓዴ ዝገት እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጓል ዱብ አሉ።

ቆርቆሮው የአባቴ ነው። አባቴ እዚሁ ሪያድ በአውሮፕላን ጥገና ሲሠራ ኖሮ፣ ኮንትራቱ ሲያበቃ ከእናቴ ጋር ጠቅልሎ ደሴ ሲገባ ሻንጣው ስለከበደው «ያዥልኝ፣ ስመጣ እወስደዋለሁ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። እኔም ያዝኩለት፤ መያዝ ማለት ካርቶን ሥር መክተት ከሆነ።

እርጥቡን ሳንቲም አንስቼ ሳሸተው፣ ያ ምላስ ላይ የሚቀመጥ የሚመስለው የመዳብ ሽታ ነሲም ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን፣ ወደ ዓርብ ጠዋቶቻችን መለሰኝ፤ የመስኮቱ ማቀዝቀዣ በረጠበ ጭድ ውስጥ እያለፈ የሚያመጣው ነፋስ፣ ከታች ፎቅ የጎረቤቶቻችን ልጆች ጩኸት፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት በሽርጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነጥፈው አባቴ፣ እሱን «ባባ» እያልን ግራና ቀኙን የምንይዘው እኔና ታናሽ ወንድሜ ያሲን። በዚያ ዘመን ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቤታችን ብቅ ማለቱ አይቀርም ነበር፤ ሹፌሩም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ ሐኪሙም። ታዲያ ኪሳቸው ውስጥ ከአውቶቡስ መልስ የተረፈ፣ የሪያድ ባለሱቅ ዞር ብሎ የማያየው ሳንቲም ይገኛል፤ «ለልጆቹ መጫወቻ» ብለው ሲሰጡት አባቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆርቆሮው ውስጥ ይጨምረዋል። ዓርብ ሲሆን አንድ በአንድ እያወጣ «ይቺ የከሚሴው ሹፌር ናት፤ ይቺ ዑረይጃ ሰፈር የምትሠራዋ የፋጡማ ናት» ይለናል። አይጽፈውም፤ ያውቀዋል።

ለእኛ ደግሞ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ይኸው ቆርቆሮ ነበር። በዐረብኛ የምንማር ልጆች ስለሆንን «ኢትዮጵያ» የሚለውን መጀመሪያ ያነበብኩት ሳንቲም ላይ ወረቀት አድርጌ በእርሳስ ሳሽ፣ ከአንበሳው ጎፈር ጋር ፊደሉ ቀስ እያለ ብቅ ሲል ነው። የግዕዙን ቁጥር ከቀኝ ጀምሬ እያነበብኩ ባባን ከት አድርጌ አስቀው ነበር። የንጉሡ ሳንቲሞች ሁሉ ፲፱፻፴፮፣ ባለአንበሶቹ ሁሉ ፲፱፻፷፱ ስለሚሉም፣ በአገራችን ሳንቲም የሚወለድባቸው ሁለት ዓመታት ብቻ ናቸው ብዬ ለብዙ ጊዜ አምኛለሁ።

አንድ የዒድ ዋዜማ ያሲን አባቱን ሊያስደስት፣ እናታችን የመዳብ ሰሃኗን እንደምታጸዳው፣ የንጉሡን ዐሥር ሳንቲም በሎሚና በጨው ፈትጎ ፈትጎ እንደ አዲስ የተላጠ ቁስል አቅልቶ አመጣለት። ባባ ዐየው፣ አገላብጦ ዐየው፣ የልጁንም ፊት ዐየና «ማሻአላህ፣ አሳምረኸዋል» አለው። በኋላ ለእኔ ቀስ ብሎ «ሰዓዳ፣ ልጅ ካልታጠበ ይታመማል፤ ሳንቲም ግን ሲታጠብ ነው የሚታመም» አለኝ።

ስለዚህ የራውዳውን ጉድ ሳጸዳ ሎሚም ኮምጣጤም አላስጠጋሁም። የምሠራው የሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ስለሆነ የተጣራ ውሃ አላጣሁም፤ በዚያ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጌ ዘፈዘፍኳቸው፣ ውሃው በቆሸሸ ቁጥር ቀየርኩ፣ ከዚያ የተጣበቁትንና አረንጓዴ ያበቀሉትን የወይራ ዘይት በሞላሁበት የማር ጠርሙስ ውስጥ ለሳምንታት ተውኳቸው። ልጄ ሀያት በዘይት የተዘፈዘፈ የወይራ ፍሬ መስሏት ክዳኑን ከፍታ አሽትታለች። ሲላቀቁ በለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ነካ ነካ፣ በፎጣ ጫን ጫን አደረግኋቸው እንጂ አላሸኋቸውም። ቀላሎቹ ነጫጭ አንድ ሳንቲሞች ተበልተው እንደ ኖራ ስለፈረፈሩ ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም።

አጋዘን ያለበት አንድ ዐሥር ሳንቲም መሐሉ ላይ የደረቀ አረንጓዴ ነበረው፤ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ስነካው ተከፈተና ቀዳዳ ሆነ። ያኔ የዘይነባ መሆኑን አወቅሁ። ዘይነባ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ወደ አገሯ የምትመለስበት መንገድ እስኪገኝ እኛ ዘንድ የከረመች ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር እየተኛች ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር፣ ሳንቲሙንም በክር አንገቷ ላይ ታደርገዋለች። እጇን ለተርሒል፣ ወደ አገር ለሚመልሰው ማቆያ፣ ልትሰጥ በምትሄድበት ጠዋት ክሩን በጥርሷ በጥሳ እጄ ላይ አኖረችው።

«ለባባሽ ስጪልኝ።»

«ያንቺ አይደል እንዴ?» አልኳት።

«እናቴ እንድመለስ ብላ ነው ያሰረችልኝ። ይኸው ልመለስ ነው፤ ሥራውን ጨርሷል» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የሰማነው ነገር የለም።

ኮሮናው መንገዱን ዘግቶት ሰንብቶ፣ አባቴ በፈረንጆቹ 2022 ለዑምራ መጣና እኛ ቤት ቆየ። ስኳሩ ዓይኑን አድክሞታል። ነጭ ፎጣ ላይ የደረደርኳቸውን ሳንቲሞች ፊቱ ሳቀርብለት ጎኑ የተቀመጠችው ሀያት «ወሃዲ፣ ጅዶ?» ትለዋለች፤ ይቺስ የማን ናት፣ አያቴ ማለቷ ነው። እሱ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ የሹፌሩን አወቀ፣ የፋጡማን አወቀ፣ ጠርዟ የተጣመመውንም «ይቺ ነርስ የነበረው የከማል ናት፤ በር ነው የቀረጠፋት» አለ። ከዚያ ዘገየ። አንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዳት፣ መለሳት፣ ሌላ አነሳ።

«ይቺን አላወቅኋትም። ሰዓድዬ፣ አንቺ ታስታውሺ የለ?»

አላስታወስኩም። ሳንቲሙ ንጹሕ ነበር፤ የአንበሳው ጎፈር ይታያል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይነበባል፣ የሰጠን ሰው ግን የለም። የሚቀጥለውም እንዲሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። በመጨረሻ የማያውቃቸው ከሚያውቃቸው በዙ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ፣ ያላወቃቸውን በመዳፉ ወደ እኔ እየገፋ። «እነዚህን ደሴ ይዤ ብገባ የማን ናቸው እላለሁ? እዚሁ ይቀመጡ፤ የመጡት እዚህ ነው።»

ስም ያላቸውን ጥቂቶች በመሐረብ ቋጥሮ ተመለሰ። የቀሩትን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ከመድኃኒት ማሸጊያ አውጥቼ ጨምሬላቸው በደረቅ ጠርሙስ አስቀምጫቸዋለሁ፤ አንዳንድ ዓርብ ሀያት አውርጂልኝ ትልና ምንጣፉ ላይ ትዘረግፋቸዋለች። የማን እንደሆኑ ስትጠይቀኝ «የሰዎች ናቸው፣ ነሲም እኛ ቤት ይመጡ የነበሩ» እላታለሁ፤ ከዚያ በላይ የምነግራት የለኝም።